ትልልቆቹ ቀድመው ሞቱ

ካድራ መጀመሪያ ያየችው ዓሦቹን ነው። አማቷ ወድቀው ሳለ ዓይኗ ዓሦቹ ላይ በማረፉ ራሷን ይቅር ለማለት ኋላ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ከወደቡ የገዛችውን በረዶ በጆንያ ተሸክማ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ሂባቅን በሌላው እጇ እየጎተተች የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነበር። በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት የዓሣ ገንዳ ያለ በረዶ አይዘለቅም። ስምንቱ ትልልቅ ቆሮሶዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። የአየር ፓምፑ ግን እየሠራ ነው፤ ውሃው አረፋ በአረፋ ሆኗል። «ምን ነካብኝ?» ብላ ስትጠጋ ከገንዳው ማዶ ነጭ ሽርጥ አየች። አማቷ ሐጂ ዳራር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ምርኩዛቸው ከጎናቸው ወድቋል።

ጩኸቷ ቤቱን አናጋው። የሟች እህት ሐጃ ሙሚና መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ወጡ። የሟች ልጅ ኢድሌ ከፎቅ በባዶ እግሩ ተንደርድሮ ወረደ። ተከራዩ መምህር ዋበሪ ጉንጩን በጫት እንደወጠረ ከክፍሉ ብቅ አለና እዚያው ደርቆ ቀረ። ሐጃ ሙሚና ወንድማቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ድንገት እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አትንኩት! ሽቦውን እዩት!»

የፓምፑ ሽቦ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተልጧል። ካድራ ከወር በፊት በቴፕ ከጠገነችው ቦታ አጠገብ መዳቡ ወጥቶ ያብለጨልጫል።

«ተናግሬ ነበር፤» አለ ኢድሌ። «ይህቺ ሴትዮ በስልኳ ያየችውን ሁሉ እዚህ ግቢ ካልሞከርኩ ትላለች። ዓሣና ባሚያ በአንድ ውሃ! ውሃ ውስጥ ላለ ዓሣ ደግሞ አየር ይነፋለታል! ይኸው፣ አባቴን ገደለችው።»

ካድራ አትክልቱን የጀመረችው ባሏን አያንሌን ባሕር ከበላው በኋላ ነው። የዓሦቹ እድፍ ያለበት ውሃ በፓምፕ ወደ ጠጠሩ መደብ ይወጣል፣ ባሚያውንና በሶብላውን ይመግባል፣ ጠርቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል። በርሜሎቹን የቆረጡላት፣ ቱቦውን የገጠሙላት ሐጂ ዳራር ነበሩ፤ አርባ ዓመት የባቡር መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ከደከመ ወዲህ የኦክስጅን ማሽን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ሰክተው፣ ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት ያርሟት ነበር። አሁን በዚያው በገንዳቸው ስር ተዘርግተዋል፤ ገዳይ የተባለችውም እሷ ናት።

ኢንስፔክተር ሮብሌ ከአንድ ፖሊስ ጋር ደረሰ። ሮብሌ ማለት በዝናብ ቀን የተወለደ ማለት ነው፤ ሰውዬው ግን ከውሃ ጋር ያለው ዝምድና ላብ ብቻ ይመስል ነበር። በመሀረብ አንገቱን እየጠረገ ሬሳውን ዞረው፣ ዓሦቹን አየ፣ የበሩን የመዳብ ማጠፊያ በጥፍሩ ቧጨረ።

«የዚህ በር ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ፤» አለች ካድራ። «አንድ ብቻ ነው። ለበረዶ ስሄድ አባባ ሰጡኝ። ነፋሱ ስለነበረ ከውጭ ቆልፌ ነው የሄድኩት።»

«ስንት ሰዓት?»

«የቀትሩ ዙህር እንደተሰገደ።»

«ስለዚህ ከዙህር ወዲህ የገባም የወጣም የለም።» እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ከውስጥ ቆለፈና ኪሱ ከተተው። «ሬሳው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት መቀበር እንዳለበት አውቃለሁ። እስከዚያ ግን ይህ በር አይከፈትም።»

አራት ግድግዳ፣ አንድ በር፣ ከላይ የሚጋግር ሰማይ። ካድራ ልጇን ወደ ማድ ቤት ይዛ ገባች።

ኢድሌ ተከትሏት ገባና በሩ ላይ ተገተረ።

«ስሚኝ፤» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስር ቤት ከገባሽ ሂባቅ እኔ ጋ ነው የምትቀረው። የወንድሜ ልጅ ናት፤ ማንም አይከለክለኝም። ግን ዛሬ እሺ ካልሽኝ፣ ሽቦውን አይጥ በላው እላለሁ።»

«አባትህ እኮ ገና አልተገነዙም!»

«አባቴ ነበር የከለከለኝ። የወንድምን ሚስት ማግባት የአባቶቻችን ሕግ ነው። ‹ካልፈለገች አትገደድም› እያለ ሁለት ዓመት አፌን አስያዘኝ። አሁን የለም። ወይ እኔ፣ ወይ እስር ቤት። ሶስተኛ በር የለሽም።»

ካድራ ጠላችው። ከሁሉ በላይ የጠላችው ግን የተናገረው እውነት ስለመሰላት ነበር። ሂባቅን እቅፏ ውስጥ ጨመቀቻት፤ ልጅቱ «እማ፣ አመመኝ» እስክትል ድረስ።

«እህቴ!» ሲል ኢንስፔክተሩ ከገንዳው አጠገብ ተጣራ። «እስቲ ወዲህ ነይልኝ።»

በርጩማ ስቦ ተቀምጧል።

«እኔ ስለ ዓሣ የማውቀው አበላሉን ብቻ ነው። ዓሣ ሲሞትብሽ መጀመሪያ ምኑን ትጠይቂያለሽ?»

«አየሩን። ቀጥሎ ውሃውን። ከዚያ ምግቡን።»

«እስቲ በተራ ጠይቂልኝ።»

አንዱን ቆሮሶ አነሳችው። አፉ ተበርግዷል፤ መተንፈሻ ስንጥቡ ተከፍቶ ቀርቷል። ውሃውን በእፍኟ ቀድታ አሸተተች፤ ደህና ነው። ከዚያ የገንዳውን ጥላ ገለጥ አደረገች።

«ትንንሾቹ አሉ!» አለች። ጣት የሚያህሉ ጫጩቶች አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይምጋሉ። «እነዚህ ታፍነው ነው የሞቱት። አየር ሲያጥር ትልልቆቹ ቀድመው ነው የሚሞቱት፤ ብዙ ይፈልጋሉና። ትንንሾቹ ላይ ላዩን እየማጉ ይሰነብታሉ። ኤሌክትሪክ ቢሆን ትንሽ ትልቅ ይላል?»

«አይልም።»

«ግን… ስመጣ ፓምፑ እየሠራ ነበር።»

«ስትመጪ እየሠራ ነበር፤» አለ ሮብሌ። «በዚህ ሙቀት አየር ቢቋረጥባቸው ምን ያህል ይቆያሉ?»

«ቢበዛ ሁለት ሰዓት። ጠጠሩም ላይ ላዩ ደርቆ ነው ያገኘሁት። በሶብላውም አንገቱን ደፍቷል፤ እንደዚህ የሚሆነው ውሃው ቆሞ ሲውል ነው።»

«መብራትስ?»

«ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲሄድ በዚያ ባትሪ ነው የሚሠራው።» ከገንዳው አጠገብ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ሣጥን አሳየችው። «አንድ አፍ ነው ያለው። ማከፋፈያ ሰክቼበታለሁ። ሌላ ከባድ ነገር፣ ቬንትሌተር እንኳ፣ ሲጨመርበት ጮሆ ይጠፋል። ቤቱ ሁሉ ያውቃል።»

«ማከፋፈያው ላይ ምን ምን አለ?»

ብትናገር በገዛ አፏ ገመዱን አንገቷ ላይ ማጥለቋ ነው። ባትናገር ደግሞ የአማቷ ነገር ተዳፍኖ መቅረቱ ነው። ነጩን ሽርጥ አየችና ተናገረች።

«የዓሦቹ ፓምፕ፣ የአየሩም የውሃውም። እና… የአባባ የኦክስጅን ማሽን። ቀድሞ ክፍላቸው ውስጥ የራሱ መስመርና ባትሪ ነበረው። ትናንት ብልጭ ሲልብኝ ፈርቼ እዚህ አዞርኩት። ከእኔና ከአባባ በቀር ያወቀ የለም። እንግዲህ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አላልኩም፤» አለና ተነሳ።

በረንዳው ላይ ወገቡን ይዞ ጎንበስ ብሎ ሄደ። ከቀትር ጀምሮ የነፈሰው የበረሃ ነፋስ ወለሉን ሁሉ በቀይ አቧራ ሸፍኖታል። ነፋሱ ጋብ ያለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። በግድግዳው ሥር ግን አቧራ ያልነካው፣ ጣት የሚያህል ንጹሕ መስመር ከባትሪው ተነስቶ ይሄዳል። ከመምህር ዋበሪና ከሐጃ ሙሚና በሮች መሀል ሲደርስ የሰው ኮቴ አጥፍቶታል። ከዚያ ወደ ግቢው በር ሄዶ ትንሿን መስኮት ከፈተና ከፊት ለፊት ከምትሸጠው ጫት ሻጭ ጋር ማውራት ያዘ። ካድራ የሰማችው የሻጯን መልስ ብቻ ነው፦ «ሁለት እስር ነዋ! እንደ ሁልጊዜው።»

ቀጥሎ መምህሩን ጠራው።

«መምህር፣ ዛሬ ስንት እስር ቃምክ?»

«አንድ! ምነው? ከአንድ በላይ ከቃምኩ ሌሊቱን ጣሪያ ስቆጥር ነው የማድረው።»

«ቬንትሌተር አለህ?»

«ኢንስፔክተር፣ ቬንትሌተር ቢኖረኝ እንዲህ ሆኜ ታየኛለህ?» ሸሚዙን ጨመቀው፤ እውነትም ጠብ አለ። «መስኮቴን ዘግቼ፣ በጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ ኳስ እሰማ ነበር። ሰው መሞቱን የሰማሁት በካድራ ጩኸት ነው። አላህ ምስክሬ ነው።»

ሐጃ ሙሚና በክፍላቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ካድራ ሩዝና ሥጋ አቀረበችላቸው፤ አልነኩትም። ውሃ ግን አራተኛ ብርጭቆ ጠጥተዋል። ኢንስፔክተሩ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ሐጃ፣ አላህ ያጽናዎት። ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ሰግጄ ተኛሁ ልጄ። ምንም አልሰማሁም። ምነው በእሱ ፈንታ እኔን በወሰደኝ! ልጅቷን አታስጨንቃት፤ አውቃ አይደለም። በተንኮል አላደረገችውም።»

«ጥርስዎን ያምዎታል እንዴ? ቅርንፉድ ይሸታል።»

«አዎ፣ ይሄ መንጋጋዬ።» ጉንጫቸውን ያዙ።

ካድራ እንባዋ መጣ። ከዚህ ሁሉ ሰው «አውቃ አይደለም» ያሏት እሳቸው ብቻ ናቸው። በዚህ ቤት ልብ ያለው ሰው ቢኖር አክስታችን ናቸው አለች በልቧ።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ከበሩ ውጭ ተሰበሰቡ። ኢድሌ በሩን በጡጫ መታው። «እስከ መቼ ነው አባቴ መሬት ላይ የሚውለው? ገዳዩ ከነሽቦው ታውቋል!»

«አሁን እንጨርሳለን፤» አለ ሮብሌ። «ሁላችሁም ሐጃ ሙሚና ክፍል ግቡ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። አምስት ሰውና አንዲት ልጅ ሲገቡበት አየሩ እንደ ወጥ ወፈረ። ጥግ ላይ ቬንትሌተር ቆሟል፤ አጠገቡ ሬዲዮ፣ በላዩ ርጥብ ፎጣ ተዘርግቷል። ኢንስፔክተሩ በሩን ዘጋውና ሬዲዮውን ከፈተ። አንድ ሼኽ ዝግ ባለ ድምፅ ያስተምራሉ። ሂባቅ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆመች።

«መጀመሪያ ሽቦው፤» አለ። «ይህ በባሕር ጠረፍ ያለ ከተማ ነው። መዳብ እዚህ በጥቂት ቀን ውስጥ ይደበዝዛል፣ ኋላም አረንጓዴ ይለብሳል፤ የግቢያችሁ በር ማጠፊያ ምስክር ነው። የገንዳው ሽቦ ግን እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ዛሬ፣ ምናልባትም ካድራ ከመግባቷ ከደቂቃዎች በፊት፣ በቢላ የተላጠ ነው።»

ኢድሌ ካድራን ገልመጥ አደረጋት።

«ሁለተኛ፣ ዓሦቹ ታፍነው ነው የሞቱት። ትልልቆቹ ሞተው ትንንሾቹ ተርፈዋል። ስለዚህ አየሩ ለሁለት ሰዓት ያህል ተቋርጦ፣ ኋላ ተመልሷል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ያቋረጠው ሰው ማከፋፈያውን ከባትሪው ነቅሏል። ሶስተኛ፣ በዚያው ማከፋፈያ የሐጂ ዳራር ማሽን ነበር። ሐጂን ኤሌክትሪክ አልገደላቸውም። እንደ ዓሦቻቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሞቱት። ማሽናቸው ሲጠፋ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ካድራ እንደነገረችኝ ከተበላሸ ቆይቷል። ትንፋሻቸው ሲያጥር በምርኩዝ ተደግፈው ወጡ፤ ሶኬቱ ጋ ሳይደርሱ ገንዳው አፋፍ ላይ ወደቁ።»

«እና ማን ነቀለው?» አለ ዋበሪ።

«ሞቀኝ ያለ ሰው። ቬንትሌተሩን በማራዘሚያ ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘ። አቧራው ሲዘንም ሽቦው ግድግዳው ሥር ነበር፤ ነፋሱ ሲቆም ተጠቀለለ፤ ቦታው ግን ንጹሕ ሆኖ ቀረ። መስመሩ ወደ ሁለት በሮች ነው የሚሄደው።»

ዓይኖች ሁሉ ዋበሪ ላይ አረፉ።

«አትዩኝ! ቬንትሌተር የለኝም አልኩ እኮ!»

«የለውም፤» አለ ሮብሌ። «ዛሬ በበሩ መስኮት የገባው ጫት ግን ሁለት እስር ነው። እሱ የወሰደው አንዱን። ሁለተኛውን ‹ለተከራያችን ነው› ብሎ የተቀበለ ሌላ ሰው አለ። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ነበረች። ጫት በርጥብ ፎጣ ትጠቀልል ነበር። ከዚያ ምግብ አታይም፤ ውሃ ግን በላይ በላዩ ትጠጣለች። ሰው ሲመጣባት ቅርንፉድ ጉንጯ ትከት ነበር። ‹ጥርሴን አሞኝ ነው› ትለን ነበር።»

በዚያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ፣ ከሟች ክፍል፣ መንኳኳት ተሰማ። ፖሊሱ ነበር፣ ሮብሌ እንዳዘዘው በሐጂ ምርኩዝ። ምስማር እንደሚመታ ሰው በጥድፊያ ይደበድበዋል። ሬዲዮው እየተናገረ እንኳ አጥርቶ ይሰማል። መንኳኳቱ ቀጠለ።

የሐጃ ሙሚና መቁጠሪያ ቆመ።

«እንደሱ አይደለም፤» አሉ።

«ምኑ ሐጃ?»

«እሱ እንደዚያ አላንኳኳም። ቀስ ብሎ ነበር። አንድ… ቆይቶ ደግሞ አንድ። ጉልበት አልነበረውም።»

ያሉትን ራሳቸው የሰሙት ከሁሉም በኋላ ነው። እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ጊዜው ግን አልፏል።

«አክስቴ!» አለ ኢድሌ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ።

«የዓሦቹ ብቻ መስሎኝ ነው!» ብለው ጮኹ። «ዓሣ ውሃ ውስጥ እያለ ምን አየር ያስፈልገዋል አልኩ። ሲያንኳኳ ሰማሁት። አፌ አረንጓዴ ነበር። ሃያ ዓመት የሰፈሩን ሴት ሁሉ ጫት ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው እያልኩ ስገሥጽ ኖሬ፣ በጉንጬ ይዤ ምን ብዬ ልውጣለት? ውሃ ሊለኝ ነው ብዬ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት። ማንኳኳቱን ሲያቆም እንቅልፍ ወሰደው አልኩ፤ ነፋሱ ቆሞ ስወጣ ገንዳው አፋፍ ላይ ወድቆ አገኘሁት።»

«ሽቦውስ?» አለ ሮብሌ በለሆሳስ።

ሐጃ ሙሚና ካድራን አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ካድራን ያስፈራትም ይኸው ነው።

«እሷ ወጣት ናት፤» አሉ። «እስሩን እስሩን ትችለዋለች አልኩ።»

ካድራ ቅድም በዚህ ቤት ልብ ያለው ሰው ብላ ያሰበችው እኚህን ነበር። ሂባቅን አንስታ አቀፈችና ፊቷን በልጅቷ ትከሻ ሸፈነች። ያለቀሰችው ለሐጂ ነው፤ ሶስት እርምጃ ርቀት ላይ ሰው እያለላቸው ብቻቸውን ስለሞቱት ሽማግሌ።

ፖሊሱ ሐጃን በክንዳቸው ይዞ አወጣቸው። ኢንስፔክተሩ ግቢው መሀል ቆሞ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ከበሩ ውጭ ሰዉ ያጉረመርማል፤ መግሪብ ተቃርቧል።

ኢድሌ እጁን ዘረጋ። «ለኔ ስጠኝ። አሁን የዚህ ቤት ወንድ እኔ ነኝ።»

«እኔ የተቀበልኩት ከእሷ እጅ ነው፤» አለ ሮብሌ። «ለእሷ የሰጧት ደግሞ የቤቱ ባለቤት ናቸው።» ቁልፉን ካድራ መዳፍ ላይ አኖረው። በኪሱ ሲሞቅ ስለዋለ ያቃጥል ነበር።

«ካድራ፣ ያ የቅድሙ ነገር…» አለ ኢድሌ ጎኗ ሆኖ።

«ሶስተኛ በር የለሽም ብለኸኝ ነበር፤» አለችው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «መልሴ እንቢ ነው። አባትህን ተሸከም።»

በሩን ራሷ ከፈተችው። ቃሬዛው ባዶውን ገብቶ፣ በጥድፊያ ታጥበው የተገነዙትን ሐጂ ዳራርን ይዞ ወጣ፤ ኢድሌ አንገቱን ደፍቶ ከፊት በቀኝ በኩል ተሸከመ። ሴቶች ወደ መቃብር አይሄዱምና ካድራ ከልጇ ጋር ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ሰልፉ መንገዱን እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ተመልሳ የሞቱትን ስምንቱን አወጣች፤ በረዶው ቀልጦ ስለነበር ጆንያውን ከነውሃው ገንዳው ውስጥ ጨመቀችው። ሂባቅ ትንንሾቹን መቁጠር ጀመረች። በሩን ግን አልቆለፈችውም።